የሚዛን ድንጋይ

የካምቦዲያን ኮረብታ ጫካ ውጦት ኖሮ፣
የቁንዶ በርበሬው ምሰሶ ተሰብሮ፣
ፈንጂ አምካኙ መጥቶ፣ ቀዩን ችካል ነቅሎ፣
“ግቢ” ሲላት ጊዜ፣ “መሬቱ ጸድቷል” ብሎ፣
ሶፎርን ተከለች፣ ሐረጉን አሰረች፣
ውሃ በትከሻዋ ሦስት ዓመት ቆጠረች።

ደርሶ ተለቀመ፣ በፀሐይ ጠቆረ፤
ሚዛኗ ቢተርፍም ድንጋዩ አልነበረ።
ጓሮ ስትቆፍር የመድፍ ቀለህ አገኘች፣
አሸዋ ሞላችው፤ “ኪሎ ይህ ነው” አለች።
በዚያ ቀለህ ሸጠች፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣
ለዓሣ ጠባሽ፣ ለሾርባ ቤት፣ ለመንደሩ ሁሉ።

ዘንድሮ ከማርሴይ አንድ ነጋዴ መጣ፣
የባትሪ ሚዛን ከሻንጣው አወጣ።
ሦስት ቅጂ ውል ዘረጋ፣ ማኅተም ያለበት፤
“ቆይማ” አለችና ሚዛኑን ሳበች፣ ቀለሁን ልትጭንበት።

አንድ ሺህ አርባ ግራም።

አስተርጓሚው ዝም አለ።
እሷ ጣቷን አጠፈች፦ ስድስት ዓመት፣ በየኪሎው አርባ፣
ከጓዳዋ እየወጣ ሰው ጓዳ ሲገባ…
ሳቀች፣ እስክታነባ።

“ጦርነቱ አለቀ ሲሉኝ እውነት መስሎኝ አምኜ፣
ለካ ግብር ይበላል፣ ከየኪሎው ቆንጥሮ፣
እኔው መዛኝ ሆኜ!”

ከቀለሁ አሸዋ ቆንጥራ፣ ቆንጥራ ቀነሰች፤
ቁጥሩ ሺህ ላይ ሲቆም
ብዕሩን ተቀብላ፣ ቀስ ብላ ፈረመች።