ስለት

ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ፣ ከብረታ ብረት ተራ፣
ቁጢጥ ብዬ አረፍዳለሁ ከቁራሌዎች ጋራ።
ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው፤ ማኅተም፣ ፋይልና ቁጥር፤
እጄ ሚስማር አያውቅም፣ እንኳን ሳንቃ ሊሰረስር።
ግን አየኋት አንድ ቀን፣ ከተሰበረ ፋኖስ ሥር፤
አፏ ነሐስ፣ እጀታዋ ወይራ፣
ጎኗ ላይ የጣሊያን ፊደል፣ ዝገት የበላው ተራ በተራ።
«እንዲህ ያለ ፒያላ በጅማ ሌላ የለም፣»
አለኝ ሻጩ። እውነት ይሁን ውሸት፣ ያኔ ግድ አልሰጠኝም፤ ዛሬም።
የልጄን የትምህርት ክፍያ ከነፖስታው ቆጥሬ ሰጠሁ፤
«መዝገብ ነው» ብዬ ለሚስቴ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ማን ያቁመኝ? ሰባት የጀርመን መሮ፣
መጋዝ፣ ጥርሱ ያልደነዘ፣ ከነቅባቱ ታስሮ፣
ከአጋሮ የመጣ ስኳድራ፣ በሁለት ወር ደሞዜ፣
ሞርሳ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ በባጃጅ ያመጣሁት በማታ ጊዜ።
ቁምሳጥን አሠራሁላቸው፣ ከዋንዛ፣ ባለ መስታወት፤
ቀይ ከፋይ አነጠፍኩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይት።
ልጄ ጣቷን ስትዘረጋ፣ «ተይ!» እላለሁ፣ «ስለት!»

ከአጥሬ ማዶ ነዚፍ አባፊጣ በርጩማ ይፈለፍላል፤
ሦስቱ እግር ከአንድ ግንድ፣ ያለ ሚስማር፣ ያለ ኮላ ይቆማል።
የመዶሻው እጀታ በጎማ ሦስቴ የታሰረ፣
መሮው የአይሱዙ ባሌስትራ የነበረ።

ባለፈው ሐምሌ፣ አዌቱ ድልድዩን ሊነካ ደርሶ፣
መጣ፤ ካፖርቱ ርሶ፣ ጫማው ጭቃ ለብሶ።
«የመድረሳው በር ነው» አለኝ። «ሳንቃው ሻካራ፣ ልጆቹን ወጋ፤
ፒያላዬ ተሰነጠቀች፤ ያንተን አውሰኝ እስኪነጋ።»
ምን እንዳልኩት አትጠይቁኝ። «ምላጭ የላትም» አልኩት፣
ከኋላዬ፣ በመስታወቱ፣ ምላጯ ስትስቅበት።
እሱም አየ። «እሺ» አለ። ምንም አልጨመረበት።
ዝናቡ ውስጥ ገባ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሰማሁት፣
በጠርሙስ ስባሪ ሲፍቅ፣ ሲፍቅ፣ እስከ ሱብሂ ሰዓት።

የጅማ ክረምት ሲበረታ እንጨት ውሃ ይጠጣል፤
የሰው ሆድ ብቻ አይደለም፣ ሳንቃም ቀን ጠብቆ ያብጣል።
ነሐሴ ላይ ቁምሳጥኔ ጥርሱን ገጠመ፤
ቁልፉ ይዞራል፣ በሩ ግን እንደ ቂመኛ አደመ።
በመስታወቱ አያለሁ፤ ሻጋታ ከፋዩን ጀመረ፤
የመጋዙ ጥርስ ላይ ቡናማ ነጥብ፣ ነጥብ አደረ።
በሩን የሚከፍት መሣሪያ፣ ሁሉም፣ ከውስጥ ነበረ።

ሦስት ቀን ከራሴ ተማከርኩ። በአራተኛው አጥሩን ዞርኩ።
«ነዚፍ» አልኩ። ሌላ ነገር ልጨምር ፈልጌ አልደፈርኩ።
መጣ፤ በዚያችው በአይሱዙዋ፣ በባሌስትራ ብረት፣
ከጠርዙ ላይ በስሱ ላጠ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ በትዕግሥት።

ተከፈተ።

ፒያላዋን አነሳት። አልተሳደበም። አልሳቀ።
አውራ ጣቱ ወይራው ላይ ካለች ጎድጓዳ ገባ፤ ልክ ሆነ፣ ጠለቀ።
«ይቺን ሰው ነው የቆፈራት» አለ፣ «ሠላሳ ዓመት ገፍቶ፤
ፋብሪካ አይሠራትም።» መልሶ አኖራት፣ ምላጯን አይቶ።
«ውሰዳት» ልለው ነበር። አፌም ተከፍቶ ነበር፣ እምላለሁ።
«ሂሳብህ ስንት ነው?» አልኩት። ድምፄን እስካሁን እሰማለሁ።
«የጎረቤት ነው» ብሎ ሄደ።

ማታ እኔም አውራ ጣቴን ከጎድጓዳዋ አገባሁ፤
የኔ ቀጭን ነው፣ የቀለም ሰው፤ ይዋኛል፤ ቶሎ አወጣሁ።
«ስለት አለብኝ» ስላት፣ ሚስቴ የቁልቢ ይመስላታል፤
የኔ ስለት ግን እዚህ፣ ቀይ ከፋይ ላይ ተኝቷል።

ወለሉን ስትጠርግ ልጄ፣ ከበሩ ጠርዝ የወደቀውን፣
ያን ጥቅልል የዋንዛ ልጣጭ፣ ብርሃን የሚያሳልፈውን፣
ቀማኋት፤ ከፒያላዋ ጎን በጥንቃቄ አጋደምኩት፤
ከዕቃዬ ሁሉ አንድ ሳንቲም ያላወጣሁበት፣
እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ ጣቴ የሚያርፍበት።

ነገ ሐሙስ ነው።
የእንግሊዝ መሰርሰሪያ አይቻለሁ፣ እጀታው የቀንድ፤
ነዚፍን ልጠራው አስባለሁ። ወይም ብቻዬን ልሄድ።