የአሥራ አንድ ደቂቃ ስርቆት

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ስልኬ ጮኸ ደግሞ፤
ትራንስፎርመሩ ፊውዝ ጥሎ፣ ሰፈር በሙሉ ጨልሞ።
ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ ከብሎኮቹ ኋላ፣
ኡርጌሳ መሰላል ይዞ፣ ቆሎ እየበላ፣
ደረስን። ካፊያው ቆሟል። ምሰሶው ያንሸራትታል፤
ቀበቶዬን አሥሬ ወጣሁ፤ እግሬ መንገዱን ያውቃል።

ከታች ሰው ይጮኻል፤ ወይዘሮ ዘርፌሽዋል፣
«ፍሪጄ ውስጥ ሥጋ አለ፣ የክርስትና ነው፣ ይበላሽብኛል!»
አንድ ልጅ ከሦስተኛ ፎቅ፣ «ነገ ፈተና አለኝ!»
ሌላው «እናንተ መብራት ኃይሎች!» ብሎ በእናቴ ሰደበኝ።

ቴስተሬን አውጥቼ ቀና ስል ድንገት፣
የማውቀው ሰማይ አልነበረም የጠበቀኝ ከአናት።
የማውቀው ብርቱካናማ ነው፣ የአሮጌ ብርድ ልብስ መልክ ያለው፤
ሦስት ወይ አራት ኮከብ፣ ያውም አንዱ አውሮፕላን ነው።

አሁን ግን ተደፋ። ሌላ ቃል የለኝም።
ከየረር እስከ ፉሪ ባዶ ቦታ አልነበረም።

አባቴ በአሰብ መንገድ ተሳቢ ይነዳ ነበር፤
በረሃው መሃል ሞተር አጥፍቶ፣ ከጎማው ሥር
ፍራሽ ዘርግቶ ሲጋደም ያየውን ነበር የሚያወራው፤
«ይከብዳል» ይል ነበር፤ «ደረት ላይ ነው የሚያርፈው።»
ሹፌር ሲያወራ ይጨምራል እያልኩ ሳልፈው ኖሬ፣
ይኸው ምሰሶ ላይ ተንጠልጥዬ ደረቴን ከበደኝ ዛሬ።

የዚህን መንገድ አምፖል የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤
መቶ አርባውን በእጄ፣ ጀርባዬን እያመመኝ።
ሲበራ ሰዉ አጨበጨበ፤ ሌባም ቀነሰ፤ አልክድም፤
ከፋብሪካ ማታ ሲመለሱ ሴቶቹ እንደ ድሮው አይፈሩም።
ግን አምፖሉ ኮፍያ የለውም፤ ግማሹን ለአስፋልቱ ያበራል፣
ግማሹን ሽቅብ ይረጫል፤ ለዚያ ማን ቆጣሪ አስገብቷል?

ፊውዙን ቀይሬ ነበር፤ መግፋት ብቻ ነው የቀረው።
«ምነው?» አለ ኡርጌሳ ከታች። «ቆይ» አልኩት፤ «ገና ነው።»
ዋሸሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ሰዓቴን አይቻለሁ።
ከዘርፌሽዋል ሥጋ፣ ከልጁ ጥናት ሰርቄአለሁ።

ኡርጌሳ ግን ዝም አለ። የእጅ ባትሪውን አጠፋ።
ቆሎ የሚያላምጠው ድምፅም ጠፋ።

ገፋሁት። «መጣ!» አለ ሰፈሩ፤ እልልታና ፉጨት።
ቀና አልኩ። አሮጌው ብርድ ልብስ። እነዚያው ሦስት ወይ አራት።

ቢሮ ገብተን ቅጽ ስሞላ፣ «የመዘግየት ምክንያት» ይላል።
ኡርጌሳን አየሁት፤ የተረፈውን ቆሎ ኪሱ ይከታል።

«እርጥበት» ብዬ ጻፍኩ።