ሁሉም አለ

ካሜራው የሚልኪያስ ስልክ ነው፣ ጥጉ የተሰነጠቀ፤
መብራቱ የዘበኛው ባትሪ፣ ጉልማ ባንቀላፋ ቁጥር ወለል ላይ የወደቀ።
ቱሉ ዲምቱ፣ ከአደባባዩ ወዲያ፣ አስፋልቱ የሚያልቅበት፣
ሬስቶራንቱ ሲዘጋ ነው ቀረጻ የሚጀመርበት።
በሌሊት፤ ወንበሩ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጦ፣
ቀን ሙሉ የቆመ እግሬ ጫማዬ ውስጥ እንደ ሊጥ አብጦ።

ታሪኩ? ታሪክ የለውም። ሜኑ አለ፣ አርባ ሁለት ምግብ የያዘ፤
አንድ ደንበኛ አለ፣ ከላይ እስከ ታች እየቆጠረ ያዘዘ።
«ላዛኛ?» «አልቋል።» «አሮስቶ?» «አልቋል።» «ዱለትስ?» «አሁን፣ አንድ ሰው ቀደመዎት።»
«ታዲያ ምን አለ?»
«ሁሉም አለ ጌታዬ። ምን ላምጣልዎት?»

ይኸው ነው። ሌላው መዞር ነው፣ ትሪ ይዞ መዞር፣
የተሰበረ ብርጭቆ ከደሞዝ ላይ መቁጠር።

ደንበኛ የሚሆን ሰው ጠፋ። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ቃሉን ይረሳል።
ባለቤቱ ጋሽ ደምሰው «እኔስ?» አሉ። ማን እምቢ ይላል?
የሁለት ወር ደሞዛችን እሳቸው ኪስ ውስጥ ይመስላል።

ተቀመጡ። ላዛኛ አሉ፤ አልቋል። አሮስቶ አሉ፤ አልቋል።
በአራተኛው ጠረጴዛውን መቱት፣ ፊታቸው የምር ቀልቷል፦
«ይሄ ቤት ባለቤት የለውም? በሕግ አምላክ!»
«አለው ጌታዬ» አልኩ፣ ከጽሑፉ ወጥቼ፣ «እሳቸውም አልቀዋል።»

ጉልማ እንኳ ነቃ።
ጋሽ ደምሰው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያ «ይሄ ይቆረጥ» አሉ።
ሚልኪያስ «እሺ» አለ። አልቆረጠም።

ኮንዶሚኒየሙ ሥር አየነው፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ሰቅለን፤
ልጆች በጀሪካን፣ አዋቂው በብሎኬት፣ እኛ እንደ ልማዳችን ቆመን።
ሳቁ፤ በረንዳ ላይ ልብስ ልታነሳ የወጣችው ሳትቀር።
ከዚያ አንድ ትዕይንት መጣ፣ ሲቀረጽ የማላውቀው ነገር፦
እኔ፣ ካውንተር ሥር፣ ጫማዬን አውልቄ፣
ጣቶቼን አንድ በአንድ «አይዟችሁ» እላለሁ፣ ከሰው ተደብቄ።
ዝም አሉ። ከጨለማው አንዲት ሴት ብቻ ሳቀች።
ሳቋ ያውቀኛል፤ እሷም የሆነ ቦታ ቆማ የዋለች።

ትናንት አንድ ሹፌር ገባ፣ ከሲኖ ትራክ ወርዶ፣ አቧራውን አራግፎ።
«ላዛኛ አለ?» እንደ ዕድል ነበረ፣ ከሠርግ ትዕዛዝ ተርፎ።
«አለ» አልኩት።
ሜኑውን አጠፈ። ቅር ብሎት አየኝ፦
«ላዛኛውስ ይቅር እቱ፤ አንዴ ‹አልቋል› በይኝ።»