የአርቮ አሸዋ

ቀለሙን ተዪው፣ አልኳት ኢርያን፣ ቀለም አቀበት አይወጣም፤
የወንበሩ ቆዳ፣ የራዲዮኑ ድምፅ፣ በጥር ከጉድባ አያወጣም።
እዚህ ሃንኮክ ላይ መንገዱ ሁሉ ግድግዳ ነው የተደገፈ፤
ከሐይቁ የተነሣው በረዶ ሲደራረብ ስንቱን ጥቅምት አሳለፈ።
ሆስፒታሉ ከላይ ነው። የሌሊት ተረኛ ነርስ
"ጎማዬ ተንሸራተተ" ብትል ማን ይሰማታል? ትድረስ ነው፣ ትድረስ።

ስለዚህ ክሪክ ጫንኩ፣ ባትሪ ያዝኩ፣ ካርቶን ለጀርባዬ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመኪና ሆድ ሥር ያለቀ ነው ዕድሜዬ።

ወይዘሮ ሲግኔ ደጃፍ ላይ ጠበቁን፣ የባላቸውን ካፖርት ደርበው።
ሴዳኗ ሰማያዊ ናት፤ ፓራፋንጎዋን ጨው የበላው።
"አርቮ ሲገዛት" አሉ፣ "ሦስት መቶ ዶላር ጨምሯል ለአክስሉ ብቻ፤
ሁለቱም የኋላ ጎማ እኩል ይገፋል፤ የለውም እሱ አቻ።"

በሩን ከፈትኩ። ከምሰሶው ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች፣
ማንም የማያያት፤ የመኪናዋን የትውልድ ሐረግ ይዛለች።
ለቀለም አንድ ፊደል፣ ለካምቢዮ አንድ፣ ለአክስል አንድ።
አቧራውን በአውራ ጣቴ ጠረግሁ።
ልክ ናቸው። የሚቆልፈው ዓይነት ነው።
ኢርያ ቦርሳዋን ነካች።
"ቆይ" አልኳት፤ "ወረቀት የሚያውቀው የልደቱን ቀን ነው፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን ኑሮ የሚናገር ብረቱ ነው።"

የፊቱን ጎማ በእንጨት አስደግፌ የኋላውን አነሣሁ፤
ማርሹን ፈታሁ፤ በጉልበቴ በረዶው ላይ ተንበረከክሁ።
"እኔ ግራውን ላዙር፣ አንቺ ቀኙን እዪ።
አብሮ ወደፊት ከዞረ፣ ሸክም የሚካፈሉ ናቸው፤
ወደኋላ ከዞረ ግን፣ ለየራሳቸው ናቸው።"

አዞርኩ።
"ወደኋላ" አለች።
ደግሜ አዞርኩ፣ ቀስ ብዬ፣ እያባበልኩ።
"ወደኋላ፣ አጎቴ።"

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ያልተቆለፈ ዲፈረንሻል ጉልበቱን የሚያፈስሰው
መሬት ለጨበጠው አይደለም፤ ለሚንሸራተተው ነው።
አንዱ በረዶ ላይ ሲጮህ፣ ሲሽከረከር፣ ሲያብድ፣
ሌላው ደረቅ አስፋልት ረግጦ ይቆማል፣ የሚያዝዘው አጥቶ እንዲሄድ።
ቤተሰብም አይቻለሁ እንዲህ ያለ።

"አይሆንም" አሉ ወይዘሮ ሲግኔ።
ካርቶኔን ዘርግቼ ገባሁ። ባትሪዬን አበራሁ።
አክስሉ ላይ በቢጫ ቀለም የተጻፈ ቁጥር አየሁ፣
የመኪና መቃብር ዘበኞች የሚጽፉት ዓይነት፤
ብሎኑ ከዙሪያው ዝገት ይልቅ ወጣት።
"ተቀይሯል" አልኩ ከሥር። "የሌላ መኪና ነው። ብዙ ዓመት ሆኖታል።"

ከላይ ድምፅ ጠፋ። ቦት ጫማቸው ብቻ ይታየኛል፤
አንዱ እግር ሌላውን ረገጠ።
"አንድ ክረምት" አሉ፣ "ሁለት ሳምንት በአውቶብስ ተመላለሰ።
መኪናውስ ስለው፣ ዘይት እየቀየሩለት ነው አለኝ።
ዘይት! ሁለት ሳምንት!"
ሳቁ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ።

ከዚያ ዞረው የኋላውን ክዳን ከፈቱ።
ሁለት ከረጢት አሸዋ፤ ሸራው በወፍራም ክር የተሰፋ፣
የወንድ ስፌት፣ ጠማማ፣ ግን የማይለቅ።
"በየኅዳሩ ይጭናል፣ በየግንቦቱ ያወርዳል፤
ለምን ስለው፣ ልማድ ነው ይለኛል።
ሃያ ሁለት ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ ዳገቱን ስንወጣ
ያ ሦስት መቶ ዶላር ነው እል ነበር።
አሸዋ ኖሯል።"

ሳንጠይቃቸው አራት መቶ ቀነሱ።
ኢርያ ቆጥራ ሰጠች፤ እኔም ለአራቱም እግር
የክረምት ጎማ ካልገዛሽ አላውቅሽም አልኳት።
"አሸዋውስ?" አለች።
አሮጊቷ ከረጢቶቹን አዩ፤ አንዱን በጓንታቸው ዳሰሱ።
"አንዱ ከመኪናው ጋር ይሂድ። አንዱን አውርዱልኝ፤
ደረጃዬ ያንሸራትታል።"

አወረድኩላቸው። ከበር ጎን አቆምኩት።
የቀረውን፣ አልኳት ኢርያን፣ ጥግ ላይ እንዳትጥዪው፤
ከመሀል ይሁን፣ ልክ ከአክስሉ በላይ።