ያልተቀረጸው ዓመት

በየሚያዝያው መጥቶ ከጠረጴዛዬ ጉብ ይላል፣
አንድ ጆሮው ጎብጧል፣ አንደኛው ተነቅሏል፤
ከሰሜን ኦንታሪዮ ወዲያ የሚያውቀው የለም፣
ከሦስት ጠርሙስ ቢራ በላይም አይዝም።
የእኔ ድርሻ ትንሽ ናት፦ በቀጭን ብረት ጫፍ
በበረዶ ሆኪ የረታውን መጻፍ።
አያቴ ጀመረው፣ አባቴ ቀጠለ፣
በእኔም፣ በአውኔ ራውቲዮ፣ እጅ ይኸው ዋለ።

ብሩ የተሰረቀ ነው። ይህን ስል አላፍርም፤
የሰረቁትም ሞተዋል፣ የተሰረቀውም።
በኬትል ሪጅ ማዕድን፣ በሃያ አራት ክረምት፣
ቆፋሪዎች ሁሉ በጫማቸው እጥፋት፣
በምሳ ሳሕናቸው፣ በጥርሳቸው መሃል፣
ቁንጥር ቁንጥር ብር አወጡ ይባላል።
አያቴ በሌሊት ከምድጃ አቀለጠው፣
ዋንጫ አድርጎ አወጣው፣ አንድም ሰው ሳያየው።
አለቃው ፔንሃሎው፣ ፀጉር ካባ ደርቦ፣
ንግግር አደረገ ከመድረኩ ቀርቦ፤
የገዛ ብሩን ለሌቦቹ ሸለመ፣
ሳቁን እየዋጠ ሰው ሁሉ ቆመ።

የፊተኛው በረኛ ሴሌስታን ቡድሮ ነበር፤
አያቴ አንድ ፊደል ዋጠበት ከብሩ ዳር።
ሊያርመው ሲነሣ፣ «ተወው» አለ ሳቀና፣
«እሱ አሸነፈ፤ እኔ በስሜ እመጣለሁ ከርሞ ገና።»
አልመጣም። አርባ ዓመት ቤንዚን ሲቀዳ ኖረ፣
በስሙ ሳያሸንፍ ከስሙ ጋር ተቀበረ።

ደግሞ ሦስት ዓመት ጠፋ። በዱንዋልድ፣ በአንዲት ባልቴት
ዶሮ ቤት ተገኘ፣ በቆሎ ተሞልቶበት፤
ሊወስዱት ሲመጡ በሩ ላይ ቆመች አሉ፦
«በሱ ሲበሉ ነው ዶሮዎቼ የሚጥሉ!»

አሁን ጣትህን አምጣ። እዚህ፣ ከወገቡ በላይ፣
በሁለት ስሞች መሃል፣ ምንም የማይታይ።

ሠላሳ ስምንት ነው። መጋቢት ሞቅ ብሎ ነበር።
የሴንት ኦርስ ልጆች በአንድ የጭነት መኪና፣
በበረዶው መንገድ፣ በከረመና በጸና፣
ለፍጻሜው ጨዋታ ሐይቁን ሊሻገሩ ወጡ።
ዱንዋልድ ጠበቃቸው መብራቱን አብርቶ፣
ዳኛው ጥቁሯን ጎማ በኪሱ ከትቶ፤
አንድ ሰዓት፣ ሁለት፣ አምስት። ሕዝቡ እግሩን ሲመታ
ውሻው ብቻ መጣ፣ ረጥቦ፣ ያለ ጌታ።

አሥራ አንድ ልጆች። ትልቁ ሃያ ሦስት ነበረው።
በሊጉ ሕግ ያልቀረበ ተሸናፊ ነው፤
ዱንዋልድን «ውሰዱ» አሉ። አምበሉ ኢንግቫልድ ስቴን
«በማን ላይ ነው?» አለ፤ አልነካውም ዋንጫውን።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላል ሰው፤
የእነሱ መቃብር ግን ክዳኑ በረዶ ነው፣
በጸደይ ይከፈታል፣ በኅዳር ይዘጋል፣
በላዩ ላይ ደግሞ ልጅ ይንሸራተታል።
አያቴ ብረቱን ስሎ ስሎ አረፈ፤
የአንድ ስም ስፋት ያህል ባዶ ትቶ አለፈ።
ከዚያ ወዲህ ያነሣው ሁሉ በአውራ ጣቱ እየዳበሰው
ከሌላው ይልቅ ያበራል፤ ሳስቷል፣ ወረቀት ነው።

ዘንድሮ ሊጉ ተዘጋ። ማዕድኑ ቀድሞ ተዘግቷል፤
ከስድስቱ ቡድን ሁለቱ ቀርተው እርስ በርስ ከርመዋል፤
የተሸነፈው ሁለተኛ ነው፤ ሦስተኛ የሚባል የለም።
ትናንት አምበሉ መጣ፣ ዋይላን ናኮጊ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ።
ለስም ቦታ አልቋል። ዋንጫውን አዙሮ አዙሮ፣
«እዚህ ጋ ክፍት አለ» አለኝ፣ ባዶውን በጣቱ ቆርቁሮ።

ነገርኩት።

ኮፍያውን አወለቀ። ብዙ ጊዜ ዝም አለ።
«ታዲያ ከሥሩ ጻፊን፣ ከመቀመጫው ቦታ ካለ።»
ገለበጥኩት። ከአንገቱ ስንጥቅ ኮሽ ብላ ወረደች
አንዲት የበቆሎ ፍሬ፣ እንደ ጥርስ ደርቃ የቀረች።
አነሣት፣ አያት፣ በኪሱ ከተታት።

«ስምህ ስንት ፊደል ነው?» አልኩት፣ ብረቴን እየሳልኩ።
ደግሜ አስጠራሁት፣ ፊደል በፊደል። ቀስ ብዬ ጀመርኩ።