ይቅር

ቀለም ቀቢ ነኝ፣ ሥዕል ግን አልሥልም፤
ነጥብ ነው የማኖር፣ ከነጥቤ አልዘልም።
ነጥብ ያረፈበት በመጋዝ ይወድቃል፤
ያላረፈበትም፣ ለምን እንደተረፈ ምኑን ያውቃል?

ጥር ነበር፤ ላትቪያ፣ ከጋውያ ወንዝ ማዶ፣
የስካይድሪቴ ጥድ ቆሟል በበረዶ።
ሄክታር ተኩል ነው፤ ድሮ ድንች ነበር፣
የጋራ እርሻ ማሳ፣ አሸዋማ ድንበር።
ባሏ አርቪድስ ነው፣ ከሥራ መልስ፣ ማታ፣
ችግኝ በባልዲ ይዞ፣ ቦታ ለቦታ፣
"አንድ ሜትር ከግማሽ" እያለ፣ በጫማው እየለካ
የተከለው፤ ሲያድግ መጥበቡን ዘንግቶ ለካ።

ሃያ ዓመት ሲሞላው መሳሳት ነበረበት፤
አርቪድስ እምቢ አለ፣ መጥረቢያው ዛገበት።
"ልጅ ይቆጠራል እንጂ ልጅ ይቀነሳል?" ሲል፣
አርባ አምስት ዓመት ሆነው፣ ዛፉ ሰማይ ሲከጅል።

ከሩቅ ላየው፣ ተቃቅፎ የቆመ ይመስላል።
ገብቼ አየሁት።
ታች ቅርንጫፉ ደርቆ፣ እንደ ዓሣ አጥንት ተደርድሮ፣
ሣር የለም፣ ወፍ የለም፤ መርፌ ቅጠል ብቻ፣
የዘንድሮው ባምናው ላይ፣ ያምናው በካቻምናው አድሮ።
አረንጓዴ ያለው ጫፉ ላይ ነው፣ አንድ ጭብጥ፤
የቀረው ሁሉ አንገት ነው፣ ወደ ላይ የሚያፈጥጥ።
አውሎ ሲመጣ ይያያዛሉ፤ ስለ ፍቅር አይደለም፣
አንዱ ለብቻው የሚወድቅበት ቦታ እንኳ የለም።

ከሦስት አንዱ ይውጣ አልኩ፤ ከዚህ በላይ አልደፍርም፤
መደገፍ የለመደ ግንድ፣ ባንዴ ቢተው አያድርም።
ቀጭኑን፣ መንታውን፣ ሥሩ የታመመ፣
ጫፉን በረዶ የሰበረው፣ ተጣሞ የቆመ፤
ፍስስ፣ ፍስስ፤ ቀባሁ። ቆርቆሮው ሲቀልለኝ፣
ስካይድሪቴ ከአጥሩ ሥር፣ ምንም ሳትለኝ፣
እጇ ከኪሷ፣ ባርኔጣው የወንድ፣
አንዴ እኔን ታያለች፣ አንዴ የቀባሁትን ግንድ።

በማግስቱ ከኦያርስ ጋር፣ መጋዙን ዘይት አጠጥቶ፣
ስንደርስ፣ አንድ ጠማማ አየሁ፣ ቀለሙ ጠፍቶ።
ነጭ ጋዝ ይሸታል። ቅርፊቱ ተፍቆ ቀልቷል፤
የቦቲ ዱካ ከቤት መጥቶ፣ ቆሞ፣ ወደ ቤት ገብቷል።
በደረት ከፍታ ምስማር አለ፤ ግማሹን ዛፉ ውጦታል፤
ሽማግሌው ሲመጣ ኮቱን ሰቅሎበታል።

ጎረቤት ነግሮኝ ነበር፦
በእንጉዳይ ወራት ቅርጫት ይዞ ወጥቶ ቀረ፤
ሲያገኙት ተቀምጦ ነው፣ ኮቱ ከምስማሩ ላይ ነበረ።
በእኛ ሙያ "የቀረ" ማለት የቆመው ነው፤
በሷ ቤት "የቀረ" ማለት ያልመጣው ነው።

"ይቅር" አለች ከጀርባዬ፤ መምጣቷን አላወቅኩም፤
ዛፉን ነው? ጥፋቷን ነው? እኔም አልጠየቅኩም።
"እሺ" አልኳት። "ግን ይህን ካተረፍን፣
ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ይወድቃሉ፤
ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ዋጋ ያወጣሉ።"
ቀና ብላ አየቻቸው፣ ረጅም፣ ጥፋት የሌላቸው፤
"ስማቸውን አላውቅም" አለች፤ "ይቁረጣቸው።"

የመጀመሪያው አልወድቅ ብሎ ጎረቤቱ ላይ ተንጠለጠለ፤
ኦያርስ ተሳደበ፤ በሰንሰለት ቢጎትተው፣ በረዶ አቡኖ ዘፍ አለ።
ጉቶው ላይ ተንበርክኬ ቆጠርኩ፤
እስከ ሃያ ቀለበቱ ሰፊ ነው፣ እንደ ልጅ ሳቅ የተንጣለለ፤
ከዚያ ወዲህ ክር ለክር፣ ትንፋሹን እየቆጠበ የዋለ።
እሷም ጓንቷን አውልቃ፣ በጥፍሯ ፈልጋ፣
"እዚህ ጋ ነው" አለች፣ "መጥረቢያውን የሰቀለው"፤
ሌላ ምንም አልጨመረች፤ እኔም ዝም አልኩ።

ቀትር ላይ ፀሐይ፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ መሬቱን ነካች፤
ስካይድሪቴ ከጠማማው እስከ ጉቶው በጫማዋ ለካች።
ስንት እንደሆነ አልነገረችኝም።
"ደግሞ መቼ ትመጫለሽ?"
"በአሥር ዓመት" አልኳት፤ ሳቀች፤
"ጋዙን እንግዲህ አልደፋውም" ብላ፣ ወደ ቤቷ ዘለቀች።