ግማሽ ጎል

ሦስት ሳምንት ቀረ።
ከዚራ፣ ከኒሙ ጥላ ሥር፣ ጋሽ ኢብሳ መዝገቡን ዘረጋ፤
በባቡሩ ዘመን ትኬት የቆጠረበት፣ ዛሬ የኛን ግምት፣
የሠላሳ ሰው ተስፋ በመቶ መቶ ብር ዋጋ።

ለደካማው ቡድን ግማሽ ጎል ያበድራል፤ ሕጉ ይኸው ነው።
ግማሽ ዳቦ አውቃለሁ፤ ግማሽ ኪሎ ስኳር፤
ደቻቱ ሲሞላ ግማሽ ድረስ ሄዶ የቀረም ሰው አውቃለሁ።
ግማሽ ጎል ግን ማን አየ?
መረብ አይነካ፣ ዳኛ አያፏጭለት፣
ከጋሽ ኢብሳ እስክሪብቶ በቀር አግቢ የለው፤
ደግሞ እሱ ነው ቅዳሜ ሌሊት
የጣራ ቆርቆሮ የሚያስቆጥረኝ።

ዓመቱን እንደ ባጃጄ ነዳሁት፤
የፊተኛውን ጎማ እያየሁ፣ ጉድጓድ እየሸሸሁ፣
ብዙ ሰው የያዘውን እየያዝኩ።
ሁለተኛ የሆንኩት እንዲህ ነው።
ከፊቴ ሙኒር አለ፤ የመጋላው ልብስ ሰፊ፣ በአራት ነጥብ።
እሱ ያለውን ካልኩ፣ ሲያገኝ አገኛለሁ፣ ሲስት እስታለሁ፤
አራቷ ነጥብ በመሀላችን እንደ ክፉ እንግዳ
አትበላ፣ አትሄድ።
«ልዩነት የሚዘጋው በልዩነት ነው» ትላለች ኸይሪያ፣ የሂሳብ መምህርቷ፤
አሥራ ዘጠነኛ ናት፣ ምክር አይቸግራትም።

ቅዳሜ ረፋድ ሱሪዬን ለብሼ መጋላ ወረድኩ፤
ላሳጥር ነው ብዬ። የሄድኩት ግምቱን ልሰልል።
ሙኒር መርፌ በከንፈሩ፣ ሜትሩን ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጥሎ፣
ቀና ሳይል፣
«ወራጁን ልትይዝ ነው» አለኝ።
ላቤን በድሬ ሙቀት አሳበብኩ።
«ያዘው። እኔም እይዘዋለሁ። የሚያሳድድ ሰው መንገድ ይመርጣል፤
መሪ ምን ቸገረው? ጥላህን መሆን ይበቃዋል።»

አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል ከመዝገቡ ግራና ቀኝ ቆምን፤
እኔ እሱን፣ እሱ እኔን፤
እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ብቻውን።
ጋሽ ኢብሳ ሰዓቱን አየ። «ባቡር ቆሞ አይጠብቅም» አለ፣
ባቡሩ ከዚያ ጣቢያ ከቀረ ስንት ዓመቱ!
ቀድሜ ጻፍኩ። ወራጁን፣ ከነግማሽ ጎሉ።
ሙኒር ከሥሬ ጻፈ፤ የኔኑ ፊደል ይመስል ነበር።

ዜሮ ለዜሮ አለቀ። ሁለታችንም አገኘን።
አራቷ እንግዳ እንደተቀመጠች ናት፤
ሁለት ሳምንት ቀረ፣
ሱሪዬም በእውነት አጥሯል።